ሂና ያልነካው ክንድ

ይድረስ ጃፓን ላለኸው ወንድሜ ሙህዲን፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ ሮቤ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል።

ከቆዳ የተወሰደ ሴል ወደ ልጅነቱ ተመልሶ ዓይንም ሊሆን ይችላል ብለህ ስለ ጥናትህ በስልክ ያጫወትከኝን ለእማዬ ነግሬያታለሁ። ገና በአይጥ ላይ ነው የሚሞከረው ያልከውን ግን ደስታዋን አይቼ እስካሁን አልነገርኳትም። ከጎባ የታዘዘላት የዓይን ጠብታ ሳይከፈት ተቀምጧል። “ልጄ ከቆዳዬ ይሠራልኝ የለ” ትላለች። ለአረፋ ሂና የተቀባችው ቀኝ ክንዷን ብቻ ነው። ግራውን ንጹህ ይቆይለት ብላ ላንተ አስቀምጣዋለች።

የላክኸው ፎቶ ደርሶናል። እማዬ ጀርባውን ወደ ራሷ አዙራ ይዛ “ወፍሯል” አለችኝ። እኔም “አዎ” አልኳት።

“አላህ ቶሎ ለመተያየት ያብቃን” ብለሽ ጻፊልኝ ብላኛለች።

እህትህ ሰሚያ