ከልጄ ጋር አካውንት ስንለያይ

ለውድ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽ ኡበይደላስ እንዴት ነው፣ የእህል ገበያው እንዴት ይዞታል? የነጌሌ ብርድ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ማታ ማታ ጋቢ ደርቢ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ የሚያመኝ ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው፤ ሱቄ ደግሞ ደረጃ የለውም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ልደውልልሽ ስልኩን ደጋግሜ አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ድምፄን ታውቂዋለሽ፣ ያሳብቅብኛል። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት አይስቅም፣ አያለቅስም።

ነገሩ በዒድ የሰጠሽኝ ስልክ ነው። አዲሱን ገዝተሽ አሮጌውን ለእኔ ስትተዪልኝ መኪና እንዳያመልጥሽ ትጣደፊ ነበር፤ አፕ ስቶሩ በአንቺ አካውንት እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንቺ ነጌሌ፣ እኔ አዳማ ሆነን በአንድ አካውንት ኖርን። አንቺ አንድ አፕ ስታወርጂ ትንሽ ቆይቶ እኔ ስልክ ላይ ብቅ ይላል፤ የእኔም እንዲሁ አንቺ ጋ ይደርሳል። አንድ ቀን ደውለሽ «እማ፣ ይሄ ከረሜላ የሚያፈነዳ ጨዋታ ከየት መጥቶ ነው ስልኬ ላይ የተቀመጠው?» ስትይኝ ዋፊቃ ላይ አሳበብኩ። ግማሹ እውነት ነው። ዋፊቃ ከሱቄ ጎን ምንጣፍ ትሽጥ እንጂ ቀኑን ሙሉ የምትውለው እኔ ስልክ ላይ ነው።

የአንቺንም አያለሁ። መኪና መንዳት የሚያስተምረው ሲመጣ ደስ አለኝ። የስፖርቱ ሲመጣ «ይህንንስ አንድ ቀን ከፍታ ትተወዋለች» ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግን ሱቄ ውስጥ የምሸጣቸውን ሻርፖች እየሰቀልኩ ሳለ አንድ አዲስ ነገር ብቅ አለ። ሮዝ ነው። መሐሉ ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ የሕፃን የእግር መዳፍ ተስሎበታል። ከዚያ በላይ አላየሁም። ወላሂ አልከፈትኩትም። አንድ ሻርፕ ስልኩ ላይ ጣል አደረግሁና በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። አንዲት ደንበኛ ዋጋ ስትጠይቀኝ «የወደድሽውን ውሰጂ» ብያታለሁ አሉ። ዋፊቃ ናት የነገረችኝ፤ እኔ ትዝ አይለኝም።

ልጄ፣ ያለፈውን ጊዜ አልረሳሁትም። ከሆስፒታል እያለቀስን ስንመለስ መኪና ውስጥ እጄን ይዘሽ «ከእንግዲህ ጊዜው ሳይገፋ ለማንም አላወራም፣ ለአንቺም ቢሆን» ያልሽኝ ልቤ ውስጥ አለ። ልክ ነሽ። አንቺ ልትነግሪኝ ያልፈለግሽውን ስልክ ሊነግረኝ አይገባም።

በዚያ ላይ ዋፊቃ አለች። እሷ ካየች አዳማ አወቀ ማለት ነው። ከረሜላዋን ልታፈነዳ ስትመጣ «ባትሪው ሞቷል» አልኳት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ላጠፋው ስል ደግሞ ከእኔ ሲጠፋ ከአንቺም ቢጠፋስ ብዬ ተውኩት። አንዳንድ ነገር በስህተት እንኳ መጥፋት የለበትም።

ሱቁን ዘግቼ በባጃጅ ፍራንኮ ሰፈር ሄድኩ፣ ስልክ የሚጠግነው ምልኬሳ ጋ።

«አካም ጅርቱ ማዘር! ምን ተበላሸ?» አለኝ።

«ምንም አልተበላሸም። ከልጄ ጋር አካውንት ለያየን።»

«ተጣላችሁ እንዴ?»

«ኧረ ተዋደን ነው!» አልኩት።

የአንቺን ከአፕ ስቶሩ አስወጥቶ ለእኔ አዲስ ሊከፍት የልደት ቀኔን ጠየቀኝ። በእኛ አቆጣጠር ነገርኩት፤ እሱም እንዳለ ጻፈውና ስልኩ ስምንት ዓመት አስረጀኝ። ሊያስተካክለው ሲል ያ ሮዝ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። ስዕሉን አየ። የጻፈውን ዓመት አየ። ከዚያ እኔን አየ።

«ማዘር... ይሄ የርስዎ ነው?» አለኝ በትሕትና። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞረ።

«የጎረቤቴ ነው» አልኩ። ጎረቤቴ በዕድሜ ከእኔ እንደምትበልጥ ግን አልነገርኩትም።

ከእኔ ሲጠፋ የአንቺን እንደማይነካው ደጋግሜ ካስማልኩት በኋላ አጠፋልኝ። አሁን የአንቺ የአንቺ ነው፣ የእኔም የእኔ። ጨዋታውን በአዲሱ አካውንት አውርደን ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምረናል፤ ዋፊቃ ሐዘን ተቀምጣለች።

ፓስወርድ ምረጪ ሲባል አላመነታሁም፤ አንድ ስም ጻፍኩ። ስሙን አልነግርሽም። ገና ማንም አልተጠራበትም። ለሴትም ለወንድም ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ የሚኒባሱ ሹፌር ጉተማ አንድ ከረጢት ይሰጥሻል። በሶ፣ የአጥሚት እህልና ማር አለበት። ምክንያት አትፈልጊለት፤ እናት ስትልክ ምክንያት የላትም። ከባድ ነገር አታንሺ፤ ውሃውን ኡበይደላ ይቅዳ። ይህን የምለው ለሴት ሁሉ ነው።

ጊዜው ሲደርስ፣ ልብሽ ደስ ባለው ቀን ደውዪልኝ። እኔም ክው እላለሁ፤ «ምን አልሽ? ድገሚልኝ!» እላለሁ፤ እልልታዬንም አቀልጠዋለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ እየተለማመድኩ ነው፤ በደንብ እየተዋጣልኝ መጥቷል።

አላህ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። የጀመርሽውን መንገድ በሰላም ያስፈጽምሽ። የያዝሽውን ሁሉ ያጽናልሽ፣ አሚን።

የምትወድሽ፣ መጠበቅም የማይሰለቻት
እናትሽ