ቡልቡላ ሜዳ ላይ የተተከለው የእድር ድንኳን

ሃያ ሁለት፣ ጥር 15 ቀን 1987 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አብዱራሕማን፣

ኮምቦልቻ ላይ የልጅህን የሙስአብን ሰርግ እየበላህ እኔን እንደረሳኸኝ አውቃለሁ። እኔ አልረሳሁህም። ቤቱም ሰላም ነው፣ ጉልበቴም እንደተውከው ያማል። በአውቶቡስ ሹፌር የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። «ልጅቱ ዘለለች ወይስ አልዘለለችም? አንድ ቃል ላክልኝ» ብለሃል። አንድ ቃል አይበቃውም። ገብረዋሕድ እኔ ልጻፍልህ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። እሱ ከጻፈው እኔን ሞኝ፣ ራሱን ጀግና አድርጎ ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ፣ የተጣመመ ካለ እያቃናህ አንብበው።

ሽማግሌ ሆነህ የመጣህበትን ቀን መቼም አትረሳውም። ልጄ ፍሬ ከናይሮቢ ለእረፍት በመጣች በሳምንቱ፣ አንተ ነጭ ኮፍያህን አድርገህ፣ ገብረዋሕድ ከዘራውን ይዞ ደጄ ላይ ስትቆሙ ለትዳር የመጣችሁ መስሎኝ ልቤ ሞቅ አለ። ኮቴን ደርቤ ወጣሁ።

«ተቀመጡ» አልኳችሁ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አልከኝ።

«ልጁ የማን ልጅ ነው?»

ገብረዋሕድ ጎሮሮውን ጠረገ። «ልጅ እንኳ የለም። ለሰማይ ነው የመጣነው።»

«ሰማይ ደግሞ ዘመዱ ማነው?»

«አትቀልድ ላጲሶ። ፍሬ ከአውሮፕላን ልትዘል ነው። አባቴ ሳይመርቀኝ አልዘልም ብላ ልካን ነው።»

የአውሮፕላን ጥገና ትማር ብዬ ናይሮቢ የላክኋት ልጅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በፓራሹት መዝለል ስትማር ከርማለች። የመጀመሪያውን ፈቃድ አውጥታ፣ አስተማሪ ሳይከተላት ከጓደኞቿ ጋር እንድትዘል የሚያስችላትን ሁለተኛውንም ይዛ ነው የመጣችው። ሁለት ኬንያውያን ጓደኞቿ ሊመጡ፣ እሑድ ጠዋት ከአየር ማረፊያው በተፈቀደላቸው ሰዓት ቡልቡላ ሜዳ ላይ ሊያርፉ ተነጋግረው ጨርሰዋል። የቀረው የእኔ ምርቃት ነው።

እምቢ አልኩ። አንተም «ሽማግሌ ባንድ ጊዜ እሺ አይባልም» ብለህ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ደስ ብሎህ ሄድክ። ለደንቡ ያልኩ መስሎሃል። አብዱራሕማን፣ የእውነቴን ነበር። ሠላሳ ዓመት በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆሜ ግንብ የገነባሁ ሰው ነኝ፤ ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀ ሰው በእጄ አንስቻለሁ። እናቷ ወርቅዬ ካረፈች ወዲህ ያለችኝ ይህች ልጅ ብቻ ናት።

ሁለተኛ ስትመጡ «ጨርቁ ባይከፈትስ?» ብዬ ጠየቅኩህ። አንተ ገብረዋሕድን አየኸው፣ ገብረዋሕድ ጣሪያውን አየ።

«አላህ አለ» አልክ።

«እሱ እንዳለማ አውቃለሁ። የጠየቅኩህ ስለ ጨርቁ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ፍሬ ከጓዳ ወጥታ «ጋሼ አብዱራሕማንን አያስጨንቁ፣ እኔን ይጠይቁኝ» ያለችው። እኔም ጠይቄ ጠይቄ ቀዳዳ ያጣሁለት ዕለት እመርቃለሁ አልኩ። አንተ ለሰርጉ በማግስቱ ሄድክ። ከዚህ በኋላ ያለውን አታውቀውም።

ፓራሹቷን ግቢው ውስጥ ዘረጋችው። ከቧንቧው እስከ ማድቤቱ በር ደረሰ፤ የጎረቤት ዶሮዎች አንድ ጥግ ተፋፍገው ቆሙ። ገመዱን አንድ በአንድ እየለየች፣ እጥፉን በክርኗ እየተጫነች አየሩን ስታስወጣ ላግዛት እጄን ሰደድኩ።

«አይንኩ አባባ። የምዘልበትን የማጥፈው እኔ ነኝ። ያልተማረ ሰው አይነካውም።»

ተቆጥቼ ገባሁ። በመስኮት ሳያት ግን፣ የቀን ሠራተኛ ቱምቢዬን ሲነካብኝ እኔ የምለው ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጠይቃታለሁ። ባይከፈትስ? «ሁለተኛ አለ፤ የመጀመሪያውን ለቅቄ እጥለውና ሁለተኛውን እከፍታለሁ» ትለኛለች። የመጀመሪያው ይስተካከል ይሆናል ብለሽ ብትታገዪስ?

«መታገያ ከፍታ አለው አባባ። ከዚያ ካለፈ ትግል የለም፣ መወሰን ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ሰው የሚጎዳው ጨርቁ እምቢ ስላለ ሳይሆን እሱ ስለዘገየ ነው።»

«ሦስታችሁ አየር ላይ እጅ ለእጅ ትያያዛላችሁ ያልሽውስ? ማን ቀድሞ ይለቃል?»

«የተስማማንበት ከፍታ ላይ ሁላችንም እንለቃለን። ጀርባ ተሰጣጥተን እንራራቃለን። ከመክፈቴ በፊት ደግሞ እጄን አወዛውዛለሁ፣ ከበላዬ ሰው ካለ እንዲሸሽ።»

እጇ ላይ የምታስራት፣ ሰዓት የምትመስል ከፍታ መለኪያ አለች። ናይሮቢ ላይ ዜሮ የተደረገች መለኪያ እዚህ ትዋሻለች አለችኝ፤ የምታርፍበት መሬት ላይ ቆማ እንደገና ዜሮ ታደርጋታለች። ሸገር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ፓራሹቱ ከለመደችው ፈጥኖ ይወርዳል፣ ስለዚህ ማረፊያው ሰፊና ባዶ መሆን አለበት። «ሰፊ» ያለችውን ሰማሁ። «ባዶ» ያለችው ግን ልብ ሳልለው አልፎኛል፤ ኋላ የምነግርህ ጉድ የመጣው ከዚህ ነው።

በመጨረሻ የምጠይቀው አለቀብኝ። መልሷን እንደ ግድግዳ በቱምቢ ብለካው ዝንፍ አላለም። እጄን ጭንቅላቷ ላይ ጭኜ ጸለይኩላት። ለእኔም ሥራ ሰጠችኝ። ነፋሱ የሚታይበት ቀይ ጨርቅ በእንጨት ላይ አስሬ ሜዳው ዳር እንድተክል። ያንን እንጨት ያቆምኩትን ያህል ቀጥ ያለ ግንብ ሠርቼ አላውቅም።

ከመረቅኳት ወዲያ አፌ አላርፍ አለ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ ሃያ ሁለት ታክሲ ተራ ላሉት፣ ሾላ ገበያ ሱቅህን ለምትጠብቀው ለልጅህ ለሀጀር ሳይቀር ነገርኩ። ይህ ሁሉ እንግዳ ፀሐይ ላይ ሊቆም ነው? የእድራችን ዳኛ ገብረዋሕድ ነውና ድንኳኑን ስጠኝ አልኩት።

«ድንኳኑ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው» አለኝ።

«ታዲያ ሰው እስኪሞት ልጠብቅ?»

ሰጠኝ። እሑድ በጠዋት ከነአግዳሚው በፒካፕ አስጭነን፣ ጤፉ ከታጨደበት ማሳ መካከል፣ በጣም ደልዳላው ቦታ ላይ ተከልነው። እንግዳው ጥላ ውስጥ ቁጭ ቁጭ ሲል ደስ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ የቡልቡላ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ መጡ። የእድር ድንኳን አይተው ለቅሶ ሊደርሱ ነው።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች አንዷ።

ገብረዋሕድ «ገና ናት፣ አሁን ነው የምትዘለው» አላት። ለቅሶው ባሰ።

በዚህ መካከል ፍሬ ጓደኞቿን ይዛ ደረሰች። ወደ አውሮፕላኑ ከመሄዳቸው በፊት ማረፊያውን በእግራቸው ዞረው ማየት አለባቸው፤ ደንባቸው ነው። ድንኳኑ አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የእንግዳ መቀመጫ።»

«የማርፈው እኮ እዚህ ነው።»

«ሜዳው ሰፊ ነው፣ ዞር ብለሽ እረፊ።»

«ፓራሹት ታክሲ አይደለም፣ ወራጅ አለ አይባልም። ይነሳልኝ።»

«የተቀመጠ እንግዳ አስነስቼ ድንኳን አልነቅልም።»

«እንግዲያው አልዘልም።»

ሄዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔም ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ታውቀኛለህ፤ አንድ ጊዜ እምቢ ካልኩ ወንዝ ቢሞላ አልነሳም። ተፋጠጥን። አገጯን ወደ ላይ አድርጋ ስታየኝ መስታወት ፊት የተቀመጥኩ መሰለኝ። ገብረዋሕድ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያይና «አሁን ለየትኛችሁ ነው ሽማግሌ የሚላከው?» ይላል።

ብዙ ቆየን። ማን ተነሳ መሰለህ? እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ካስማ በገዛ እጄ ነቀልኩት። ይህንን ለሌላ ሰው እንዳታወራ።

ድንኳኑ ታጥፎ እስኪያልቅ ግን ረፋድ ሆነ፣ የቡልቡላም ነፋስ ተነሳ። የተከልኩት ቀይ ጨርቅ ተወጥሮ መርገብገብ ጀመረ። ፍሬ አየችውና የትከሻዋን ማንገቻ ፈታች። ወንዱ ጓደኛዋ ብዙ ዓመት የዘለለ፣ ፈቃዱም ከሷ ከፍ ያለ ነው፤ እሱ እችለዋለሁ አለ። እሷ «ነፋሱ ከእኔ ፈቃድ በላይ ነው» ብላ ቁጭ አለች። ከታክሲ ተራ የመጣ አንድ ጎረምሳ «ፈራች» ሲል ሰማሁ። ፊቴ ነደደ። የሚገርመውን ስማ፤ ያ አትዘልም ብዬ እምቢ ያልኩ ሰውዬ ጎንበስ ብዬ «ለእንግዶቹ ስትይ፣ ዛሬን ብቻ» ብዬ ለመንኳት።

«እንግዶቹ ይሳቁብኝ አባባ። እኔ በእግሬ ቤቴ እገባለሁ።»

እዚያው ቀና አልኩ። ወደ ጎረምሳው ዞሬ «ነፋሱን ንቆ መዝለል እብድም ይችላል። ይህን ሁሉ ሰው እምቢ ማለት እስቲ አንተ ሞክረው» አልኩት። በመጀመሪያ የመረቅኳት ጥያቄ ስላለቀብኝ ነበር። የልቤን ምርቃት የሰጠኋት ሳትዘል የተመለሰች ቀን ነው፤ ፒካፑ ላይ ከካስማና ከአግዳሚ ጋር ተጭነን ስንመጣ፣ እጇን ይዤ።

በሳምንቱ እሑድ ገና ሳይረፍድ ሄድን። ሜዳው ባዶ። ሰዉን ሁሉ ከቦዩ ወዲያ ሣር ላይ አስቀመጥኩ፤ አንድ ሰው እግሩን ካሻገረ ከእኔ ጋር ነው። ቀዩ ጨርቅ እንጨቱ ላይ ተንጠልጥሎ ተኝቷል። አውሮፕላኗ ዝንብ አክላ መጣች። ከሆዷ ሦስት ነጥብ ወጣ። ተጠጋጉ፣ አንድ ሆኑ። በልቤ «አሁን ልቀቂ» አልኩ፤ ለቀቁ። «አሁን ራቂ» አልኩ፤ ተራራቁ። እጇን ስታወዛውዝ ዓይኔ አላየውም፣ ግን እንዳወዛወዘች አውቃለሁ። ቢጫው ጨርቅ ፈነዳ። የእሷ ነው።

ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ በገለባው ላይ ከፈለግሁት ፈጥና መጣች። እግሯን ገጥማ ነካች፣ ጥቂት ሮጠች፣ ቆመች። ባለፈው ያለቀሱት የቡልቡላ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። እኔ የከለከልኩትን ቦይ ራሴ ተሻግሬ፣ ጉልበት እንደሌለኝ ረስቼ እየሮጥኩ ነበር። እጇን ዘረጋች።

«አባባ ይቁሙ፣ ጨርቁን እንዳይረግጡ!»

እርጥብ ሲሚንቶ ዳር እንደደረሰ ሰው ጣቴ ላይ ቆምኩ። እሷው ዞራ መጥታ አቀፈችኝ።

ያን ጊዜ ድንኳኑ ተተከለ፣ እዚያው ያረፈችበት ላይ። የእኛን አገር አተካና፣ ቡላውን በወተትና በቅቤ ሠርቼ ነበር፤ ሥጋ የለበትምና ሀጀርም ሌላውም ባንድ ገበታ በላ። ገብረዋሕድ ተነስቶ «እድራችን ከተቋቋመ ጀምሮ፣ ከሰማይ ወርዶ ራሱ ድንኳን ውስጥ ገብቶ የበላ ሰው የመጀመሪያዋ ፍሬ ናት» አለ። ሰዉ በሳቅ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ደረታቸው ላይ ሰው አስረው የሚዘሉ አዋቂዎች አሉ አሉ። ፍሬን «እሰሪኝ» አልኳት። «የእኔ ፈቃድ አይፈቅድም አባባ፣ ለዚያ ብዙ ዓመት ይቀረኛል» አለችኝ። እጠብቃለሁ አልኳት። «ያኔም ቢሆን በዚያ ጉልበት እምቢ ነው» አለች። እምቢታዋን ለደንቡ ያለችው አድርጌ ይዤዋለሁ።

ናይሮቢ የምትመለሰው በወሩ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ረመዳን ሳይገባ ና። ነጭ ኮፍያህን አድርግ፣ ገብረዋሕድ ከዘራውን ይዞ ይጠብቅሃል። አንድ ቀን እንድታስረኝ እናንተን ሽማግሌ ልልክባት ነው። እሺ ሳትላችሁ እንዳትቀመጡ።

ወንድምህ፣
ግንበኛው ላጲሶ