ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለው ንግድ ፈቃድ

ሰኞ

ቤታችን ሊሸጥ ነው። ደብዳቤው እንደዚያ ነው የሚለው፤ ግብሩ ከነቅጣቱና ከነወለዱ በቀነ ገደቡ ካልተከፈለ ቤቱ ታግዶ ይሸጣል። ባለቤቴ ሰይድ መስጊድ ስለነበር የተቀበልሁት እኔ ነኝ። ቆሜ ደጋግሜ አነበብሁት። የሱቁ ግብር ነው ይላል። የትኛው ሱቅ? ግሽ አባይ ሰፈር የነበረው የጨርቅ ሱቃችን ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን እዚያ ሞባይል ነው የሚጠገነው።

ሰይድ መጥቶ ሲያነበው ፊቱ ጠቆረ። "ሱቁን ስትዘጋ ንግድ ፈቃዱን መልሰሃል?" አልሁት። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። እኔም አየሁ። ወይ ጉድ! በመስታወት ተደርጎ እዚያው ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። ሱቁን የዘጋ ቀን ይዞት መጥቶ የሰቀለው ራሱ ነው። "ገበያው ሲረጋጋ እከፍተዋለሁ" ብሎኝ ነበር። ፈቃዱን መመለስ ነጋዴነቱን አስረክቦ መምጣት መሰለው። እኔም ዝም ብዬ አቧራውን እየወለወልሁ ኖርሁ።

ማክሰኞ

ሥራዬ ተበላሸ። የምሠራበት ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ተቀምጬ የአንዱን ተማሪ ውጤት ለሌላው ልሰጥ ነበር። በሻይ ሰዓት ሕግ የሚያስተምሩትን አቶ ጌትነትን ያዝኋቸው። እሳቸው ሲያስረዱ ነገር ያቀላሉ፤ ዛሬ ግን የቀለለልኝ የለም። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ ሱቁ እንደሚሠራ ይቆጠራል። ሂሳቡን ስላላሳወቀ ደግሞ ግብሩ በግምት ተጥሎበታል። ከሁሉ የባሰው፣ ሰይድ ይነግድ የነበረው በራሱ ስም ነውና ሱቁና እሱ በሕግ ፊት አንድ ናቸው፤ የሱቁ ዕዳ መኝታ ቤታችን ድረስ ይገባል። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር አቋቁሞ ቢሆን ኖሮ ዕዳው በአብዛኛው በማኅበሩ ንብረት ላይ ይቆም ነበር አሉኝ። ይህን "ቢሆን ኖሮ" የሚሉትን ነገር ጠላሁት።

"ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፤ ቀኑ ካለፈ ግን የሚሰማችሁ የለም" አሉኝ።

የቤታችንን ቦታ በቤት ማኅበር ተደራጅተን ነው ያገኘነው። መሠረቱ የእኔ ዕቁብ፣ ቆርቆሮው የሱቁ ትርፍ፣ የመስኮቱ ብረት የአንገቴ ወርቅ። ሌላ ምንም የለንም።

ረቡዕ

የሰይድ ወንድም ከማል ከወረታ መጣ። ግቢ ውስጥ ሲንሾካሾኩ ዋሉ። እኔ ብቅ ስል ወሬው ስለ ሩዝ ዋጋ ይሆናል። ሰይድ ዓይኔን ማየት አቃተው። ፈራሁ።

ሐሙስ

ሐጂ ኑርዬ መጡ። ሰይድ ሊያገባኝ ሲል አባቴ ቤት ሽማግሌ ሆነው የመጡት እሳቸው ናቸው። አርጅተዋል፤ ከባጃጁ ደግፌ አወረድኋቸው። ሰይድ ገና ሲያያቸው "ሐይቅ ዳር ደርሼ ልምጣ" ብሎ ወጣ። ሽሽት መሆኑ ገባኝ።

ሻዩን ሳይነኩት አስቀመጡት። ከዚያ "ልጄ ዘሀራ፣ ያን ጊዜ አባትሽ ፊት ቁሜ ስጡን ብየ ነበር። ዛሬ ደግሞ እንለያይ በሏት ብለው ሰይድና ወንድሙ ላኩኝ" አሉ።

የከማል መላ ነው። በወረቀት እንድንፋታ፣ ቤቱ ለእኔ እንዲደርስ፣ ዕዳው ሰይድ ላይ እንዲቀር። ነገሩ ሲያልፍ እንደገና ኒካህ እናስራለን። ወረታ እንዲህ አድርጎ የተረፈ ሰው አለ አሉ።

"እርስዎስ ምን ይላሉ?" አልኋቸው።

"እኔማ መልእክተኛ ነኝ። ግን የፍች ቃል ለመላ አይወጣም፣ ልጄ። ለመንግሥት ብላችሁ የተናገራችሁት እላይም ይጻፋል።"

ያቃጠለኝ ፍቺው አይደለም። አብሮኝ እየበላ፣ አብሮኝ እየተኛ፣ ራሱ መናገር አቅቶት ሽማግሌ መላኩ ነው። ለጋብቻ ሽማግሌ ይላካል። ለዚህም?

ዓርብ

ጠዋት "እሺ፣ እፈርማለሁ" አልሁት። እምቢ እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት። እፎይ አለ። በእውነት እፎይ አለ! ከጁምዓ ሲመለስ ከሰኞ ጀምሮ እምቢ ያለውን ምሳ ጥርግ አድርጎ በላ፤ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ሳህን እያጠብሁ አለቀስሁ። ለቤቱ ብሎ ነው፣ ለልጆቻችን ብሎ ነው እላለሁ። ይሆናል። ግን ትንሽ ቢያንገራግር ምን ነበረበት?

ለአቶ ጌትነት ደወልሁ። አፍሬ "አንዲት ዘመዴ" እያልሁ ጠየቅኋቸው። የገባቸው መሰለኝ። "ለዘመድዎ ይንገሯት" አሉ ረጋ ብለው። "ዕዳው ከመጣ በኋላ ንብረት ማሸሽ አያዋጣም፤ ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው ይችላል። ለቤተሰቡ ኑሮ ሲባል የመጣ ዕዳ ደግሞ ስለተፋቱ ብቻ ከጋራ ንብረት ላይ አይነሳም። ትዳሩም ቤቱም እንዳይሄድባት።"

ቅዳሜ

አቶ ጌትነት ያሉኝን ነገርሁት። አልተቆጣም፣ ደስም አላለው። "ታዲያ ምን ይሻላል?" አለ እንደ ልጅ።

"ሱቁ መዘጋቱን እናሳያለና!" አልሁት። አከራያችን የነበሩትን እትዬ የሽን ፍለጋ ወጣን። ቤታቸው አገኘናቸው። ቁልፉን የተረከቡበትን ወረቀትና ከዚያ በኋላ ሱቁን ላከራዩት ሰው የሰጡትን ውል አውጥተው ሰጡን፤ እመሰክራለሁም አሉ። የሳምንቱ ደስታዬ ይህ ብቻ ነው። በሐይቁ ዳር በእግራችን ተመለስን። ሰይድ የዘጌን ጀልባ እያየ ነበር።

ሰኞ

ፈቃዱን ከግድግዳው ያወረደው ራሱ ነው። ግብር ቢሮ ሰልፉ ረጅም ነበር። የቅሬታውን ማመልከቻ የጻፍሁት እኔ፣ የፈረመው እሱ። ቀኑ ሳያልፍ ገባልን፤ አልሐምዱሊላህ። ፈቃዱን ግን ንግድ ቢሮ ዛሬ አይቀበላችሁም ተባልን። መጀመሪያ ከግብር ነጻ መሆናችሁን የሚገልጽ ክሊራንስ ይምጣ አሉ፤ ክሊራንሱ ደግሞ ዕዳው እልባት ሳያገኝ አይሰጥም። ያን ሁሉ ጊዜ አልመልስም ያለው ሰውዬ ዛሬ የሚቀበለው አጣ።

መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ወደ እኔ እያየች "እርስዎ ምኑ ነዎት?" አለች። ልመልስ አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ከእሱ መስማት ፈለግሁ። ሰይድ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየ።

"ሚስቴ ናት" አለ።

ልጅቷ አልሰማችውም መሰለኝ፣ ደግማ ጠየቀች።

"ሚስቴ ናት አልሁ! አልፈታኋትም።"

ልጅቷ ግራ ገብቷት አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። ማን ፈታሃት አለው?

ውሳኔው መቼ እንደሚወጣ የነገረን የለም። ፈቃዱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ መልሶ የሰቀለውም የለም። ሰይድን ይቅር ልበለው አልበለው ገና አላወቅሁም። የቤቱንም አላወቅሁም።