ስሜ ይዘጋ፤ የወንዙ ዳር ግን አይዘጋ

ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላት፣ ዲግሪዋን ይዛ ወደ አገሯ ከተመለሰች ገና ሁለተኛ የብርድ ወራቷ የሆነ ልጅ ምን አስቸኩሏት ትናዘዛለች? ይህን ወረቀት የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አክስቴም ጠይቃኛለች። መልሱ አጭር ነው። ሕፃን ሳለሁ የጀመረኝ የጉሮሮ ሕመም ወርዶ ልቤ ላይ ተቀምጧል፤ የልቤ በር ደህና አድርጎ አይገጥምም። ነገ ጠዋት አውሮፕላኑ ወደ ፐርዝ ይወስደኛል፤ ሐኪሞቹም ደረቴን ከፍተው በሩን ይለውጡታል። እንደምመለስ አምናለሁ። የጀመርኩት ነገር ብዙ ነው፤ ለመሞት ጊዜ የለኝም። ነገር ግን ሳልመለስ ብቀር አብሮኝ የሚዘጋ ቦታ አለ። የምናዘዘው ስለ እሱ ነው።

እኔ ሌቲሻ ራይሊ፣ በኪምበርሊ የቡራላ ምንጭ መንደር የነባሩ ሕዝብ ተወላጅ፣ ዛሬ እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 2023፣ አእምሮዬ የተሟላ፣ አንደበቴም ያልተሳሰረ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በክሊኒኩ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ጸሐፊውና አንደኛው ምስክር የክሊኒኩ ጤና ሠራተኛ ኔቪል ነው። ሁለተኛዋ ምስክር ያሳደገችኝ የእናቴ እህት ማክሲን ናት። ሦስተኛው የእናቴ አባት ዳርሲ ነው፤ እሱ የተጠራው ለምስክርነት ብቻ እንዳልሆነ ወደ ታች ይገለጻል። በመካከል የሚነገረውን ሁሉ፣ ቀልዱንም ቁጣውንም፣ ኔቪል እንደወረደ እንዲጽፈው አዝዣለሁ።

ቶዮታዬን ለማክሲን ልጅ ለእህቴ ለሮዝሊን ሰጥቻለሁ። የኋላው በር ከውስጥ አይከፈትም፤ ራዲዮውም የሚይዘው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። የሰጠኋት ሴቶቹን ወደ ወንዙ ዳር እንድታመላልስበት ነው። ወንድሞቿ ለካንጋሮ አደን ቢለምኗት እንቢ ትበል።

«ለእኔስ?» አለች ማክሲን። «አፍንጫሽን እየጠረግኩ ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁም?»

«አንቺ ምስክር ነሽ አክስቴ። ምስክር አይወርስም።»

«ታዲያ ማን ምስክር አድርጊኝ አለሽ? ኔቪል፣ ስሜን ሰርዘውና ያንን ወፍራሙን ብርድ ልብስ ልውሰድ።»

ኔቪል አልሰረዘም።

የምረቃ ካባዬን ለሮዝሊን ልጅ ለታሊ ሰጥቻለሁ። በሳጥን እንዳይቀመጥ፤ ለብሳው ትሩጥበት፤ ቢቀደድም አይቆጨኝም። ብርድ ልብሶቹ (ወፍራሙም ጭምር)፣ ትልቁ የሻይ ማንቆርቆሪያና የዓሣ ገመዶቹ ግን ለማንም አልተሰጡም። የወንዙ ዳር ንብረት ናቸው።

ስለ ወንዙ ዳር ይህ ይታወቅ። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰበው ልጅ ሳለን በትልቅ ሰው እጅ የተጎዳን ሴቶች ነን። ያቋቋመልን የውጭ ሰው የለም፤ የጀመሩት የእኛው አሮጊቶች ናቸው። በእኛ ዘንድ ሕመሙን የሚናገርን ሰው ዓይኑን ማየት ነውር ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ተቀምጠን ገመድ እንጥላለን። አንዷ ትናገራለች፤ ሌሎቻችን ውኃውን እናያለን። ዓሣ ሲይዝ እንስቃለን፣ እንጠብሳለን፣ እንደገና እንቀመጣለን። ባለፈው ወር የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ እስከ ዛሬ ቃል አልተነፈሰችም። ባለፈው ቅዳሜ ግን መንጠቆዋን ለማንም ሳትሰጥ ራሷ አሰረች። እኔ ለዚህች ልጅ ነው የምፈራው።

በሕጋችን ሰው ሲሞት ስሙ ይዘጋል፤ አይጠራም። ሲያዘወትረው የነበረውም ቦታ ይዘጋል፤ የቤተሰቡ ታላቅ ሰው የዛፍ ቅጠል አጭሶ እስኪከፍተው ድረስ ማንም አይረግጠውም። አንዱ በወሩ ይከፈታል፤ ሌላው ዓመታት ይቆያል። የእኔ ቤተሰብ ታላቅ ሰው አያቴ ዳርሲ ነው። ብሞት የወንዙን ዳር የሚዘጋውም የሚከፍተውም እሱ ነው። ሕጉን አከብራለሁ፤ ሊፈርስ ይገባል አላልኩም።

ነገር ግን የአያቴ ታናሽ ወንድም በሞተ ጊዜ ስሙ ተዘጋ፤ ከስሙም ጋር ሥራው ተዘጋ። «ስሙን ሳትጠሩ ስለ እሱ እንዴት ትናገራላችሁ?» ተባልን፤ እኛም አፋችንን ያዝን። ሕጉ የሚዘጋው ስምን ነው፤ ሥራን አይደለም። ሁለቱን ያደባለቅነው እኛው ነን።

እዚህ ላይ አያቴ ከወንበሩ ተነሣ።

«ይበቃል። ኔቪል፣ ብዕሩን አስቀምጥ።»

«አታስቀምጥ» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ የሞተ ሰው መልስ መስጠት አይችልም!»

«የሰባት ዓመት ልጅም አትችልም ነበር፣ አያቴ።»

«አባዬ፣ ቁጭ በል» አለች ማክሲን። «ጉልበትህን ያምሃል።»

«ጉልበቴን ተዪው! ትምህርት ቤት የላክናት የራሷን ሰው እንድትከስ ነው እንዴ?»

«እኔም ሰውህ ነኝ» አልኩት።

አልተቀመጠም፤ አልሄደምም። የበረንዳውን ቋሚ ይዞ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። እኔም ቀጠልኩ።

ስሙን አልጠራሁም፤ አልጠራውምም። የሮዝሊን ታሪክ የሮዝሊን ነው፤ አልነካውም። የራሴ ግን ይጻፍ። ስሙ የተዘጋው ሰው ከኳስ ልምምድ በኋላ ልጆቹን ሁሉ በጭነት መኪናው ወደየቤታችን ያደርሰን ነበር። መጨረሻ የሚያደርሰው ሁልጊዜ እኔን ነበር። ከዚህ በላይ በወረቀት አላስቀምጥም፤ የሚገባው ይገባዋል።

ማክሲን እጄን ያዘች፤ ይህ ይጻፍ። አክስቴ ሆይ፣ አንድ ምክር እተውልሻለሁ፦ ሮዝሊን የምትናገርበት ቀን ሲመጣ ቀድመሽ አታልቅሺባት። አንቺን ለማባበል ስትል ታቋርጠዋለች። ጨርሳ ትናገር፤ ከዚያ በኋላ አብራችሁ አልቅሱ።

አሁን ወደ ዋናው። ባለፈው ሳምንት ሱቁ በር ላይ አያቴ ለሰዎች «እሷ ካልተመለሰች የወንዙ ዳር ደህና ተደርጎ ይዘጋል፤ ያኔ ሁሉም ያርፋል» ማለቱን ሰምቻለሁ። አላርፍም። ስለዚህ እንዲህ ስል ተናዝዣለሁ፦ ብሞት ስሜን ዝጉ። ፎቶዬን ሸፍኑ፣ ቤቴን ዝጉ፣ በሕጋችን የሚገባኝን ሐዘን ሁሉ አልቅሱልኝ። የወንዙ ዳር ግን በእኔ ሐዘን ለአንድ ቅዳሜ እንኳ አይዘጋ። ያቺ ልጅ ገመዷን ይዛ ስትመጣ መንገዱ ታጥሮ ቢጠብቃት፣ ዝምታ የትልልቅ ሰዎች ትእዛዝ እንደሆነ ለሁለተኛ ጊዜ ታምናለች። ሦስተኛ ዕድል ላይኖራት ይችላል።

«አያቴ፣ እኔ ማዘዝ አልችልም። ይህን የሚፈቅደው ሕጉ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም አንተ ነህ። ማንም ሳይፈርም መልስህን እዚሁ እፈልጋለሁ። እንቢ ካልክም እንቢታህ ይጻፍ።»

ኔቪል «ምን ልጻፍ?» አለ። «ዝም ብሏል ብለህ ጻፍ» አልኩት።

አያቴ ሳይዞር ተናገረ። የተናገረው ይህ ነው፤ ቃሉ አልተለወጠም።

«ልጅ ሳለን ከወላጆቻችን ተወስደን በገባንበት በሚሲዮኑ መኝታ ቤት እኔና ታናሼ አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። የሚጠብቀን ሰውዬ ማታ ፋኖስ ይዞ ይመጣል። የሚያስነሣው እሱን ነበር። እኔ ትልቁ ነኝ፤ ግን ተኝቼ እንደሆነ አስመስላለሁ። ሲመለስ ብርድ ልብሱን ለእሱ እተውለታለሁ። ሌላ የማደርግለት አልነበረኝም። አድጎም ስለዚያ አንድ ቀን አላወራንም። ሰዎች ስለ እናንተ ሹክ ሲሉኝም … እንደዚያው፣ የተኛሁ መሰልኩ።»

ማክሲን «አባዬ» አለች።

እኔም ያልኩት ይጻፍ፦ «ለዚያ ልጅ አዝናለሁ፣ አያቴ። ከልቤ አዝናለሁ። ግን የእኔን አይሽርልኝም።»

«አይሽርም» አለ። ዞሮ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውንም ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ቦታውን አልዘጋም። ብትሞቺም አልዘጋም፤ አትሙቺ እንጂ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔስ» አለ፣ «እኔስ የት ልቀመጥ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሰጠሁትም። አያቴ ስለሆነ አንጀቴ ሊመልስለት ቸኩሎ ነበር፤ ነገር ግን መልሱ የእኔ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የኑዛዜዬ የመጨረሻ ቃል ለእናንተ ነው፤ ገመድ ለያዛችሁት ሴቶች፣ ገና ላልመጣችሁትም። ይህ ቃል ሞቴን ሳይጠብቅ ነገ ቅዳሜ በወንዙ ዳር ሲነበብላችሁ ለሽማግሌው መልስ ስጡት። «አጠገባችን» በሉት፤ «ከታችኛው መታጠፊያ ለብቻህ» በሉት፤ «ገና ነው» በሉት፤ ሁሉም መልስ ነው። ዝም ብቻ አትበሉት። የወሰናችሁትንም ለእኔ ደውላችሁ ንገሩኝ፤ ስልኬን እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ድረስ ከእጄ አልለየውም።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ፣ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጬ በሁላችንም ፊት ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ ሌቲሻ ራይሊ (ፊርማ)

ጸሐፊና ምስክር፦ ኔቪል ኩፐር (ፊርማ)

ምስክር፦ ማክሲን ራይሊ (ፊርማ)

ምስክርና ቃል ሰጪ፦ ዳርሲ ራይሊ (ፊርማ)፤ መልስ ይጠብቃል።