ወደ ኋላ የማይመለስ ቁጥር

ሰኞ፣ ጥር 6
መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ታናሽ እህቴ ኮምፒዩተር የምትጠቀመው በጆሮዋ ነው። ዓይኗ አያይም። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብላት ፕሮግራም አለ። እሱን ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ሥርዓት ለሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ጠቅልዬ የማሰራጨው እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣ መምህር ሌላ ምን ሥራ አለው?
ዛሬ የ3.0 የሙከራ ቅጂ ደረሰኝ። ጠቅልዬ ላክሁ፤ የተጠቃሚዎቹ ኮምፒዩተሮች ራሳቸው ያወርዱታል፣ የእህቴም ጭምር። ቁጥሩን ፕሮግራመሮቹ እንደጻፉት፣ ነጥቧን ሳልነካ ገለበጥኩ፦ «3.0.ቤታ»፤ ቤታ ማለት ሙከራ ነው። «ሰሌዳው ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጡ» ሲል የኖረ ሰው ሌላ አያውቅም...
ከዚያ ሸሚዞቼን ተኮስኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 16
እህቴ ደወለች። የምትሠራው የደንበኞችን ስልክ የሚቀበል ቢሮ ውስጥ ነው።
«ጋሼ፣ ይሄ ልጅህ አኩርፏል እንዴ?»
«የቱ ልጄ?»
«አንባቢው ነዋ! ደንበኛው እየጠበቀኝ መሀል ላይ ዝም ይላል። እኔም አብሬው ዝም።»
ሳቅን። ዋናው ቅጂ ሲወጣ ይስተካከላል፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያወርደዋል፣ ምንም እንዳትነኪ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥር 28
ዋናው 3.0 ወጣ። ላክሁ። ተገላገልኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 1
አልወረደላትም። «ከዚህ የሚበልጥ የለም» ይላታል። ምን ማለት ነው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 2
አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት።
ሙከራ ከዋናው እንደሚቀድም ኮምፒዩተር አያውቅም። ከ«3.0» ኋላ የተጨመረ ነገር ካየ፣ የተጨመረበት ይበልጣል ይላል። ዝቅ የሚያደርገው መሀል ላይ የሞገድ ምልክት ካገኘ ብቻ ነው፦ «3.0~ቤታ»። እኔ ነጥቧን እንዳለች ተውኳት። አሁን በየኮምፒዩተሩ የተበላሸው ታላቅ፣ ደህናው ታናሽ ሆኖ ተቀምጧል። ከታላቅ ወደ ታናሽ ደግሞ በራሱ አይወርድም።
እንዴት አላየሁም? እንዴት?

ሰኞ፣ የካቲት 4
ጥቅሎቻችንን መርምሮ የሚያሳልፈውን፣ «በረኛው» የምንለውን ሰው ጠየቅሁ። ከቁጥሩ ፊት «1:» ብጨምርበትስ? እሱ ከሁሉም ያስበልጠዋል።
«ተዉ መምህር! እሱ አንዴ ከገባ አይወጣም። የልጅ ልጆችዎ ሳይቀሩ ይሸከሙታል።»
«ታዲያ ምን ይሻላል?»
«'3.0.ቤታ.በእውነት3.0' ይበሉት። ውስጡ ደህናው 3.0 ነው፣ ቁጥሩ ግን ከቤታው ይበልጣል።»
በእውነት! እንደተያዘ ሌባ ልማል? ...እሺ አልኩ። እሱም ቡድኑ ሳይነጋገርበት አይወጣም አለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 7
ደወለች።
«የቢሮውን ቴክኒሻን ደህናውን 3.0 በእጅህ ጫንልኝ ብዬ ለመንኩት።»
«ምን አለሽ?»
«‹እኛ ጋ ወደ ኋላ መመለስ ክልክል ነው፣ እትዬ።› አለቃዬ ደግሞ በሳምንት ካልተስተካከለ ዓይን ያለው ሰው አመጣለሁ ብሏል።»
ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። ቁጥሩን፣ ነጥቧን፣ ሁሉንም ነገርኳት።
«አይ ጋሼ... አንተ ደግሞ...» አለችና ሳትጨርሰው ዘጋችው።

እሑድ፣ የካቲት 10
ቡድኑ ገና እየተነጋገረ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 15
በረኛው አሳለፈው፤ ከነመሐላው። እኔ ቤት ወረደ፣ አነበበ፣ ዝም አላለም። ወዲያው ደወልኩላት። አታነሳም። በቢሮዋ ስልክ ሞከርኩ። የማላውቀው ወጣት አነሳ። ትሑት ነው።
«እሳቸው ከትናንት ጀምሮ የሉም፣ አባባ። ቦታውን እኔ ይዤዋለሁ።»
«ኮምፒዩተሩስ?» አልኩት።
«አሁን የሆነ ነገር ራሱ አወረደ። ያየሁትን ሁሉ ያነብልኛል፣ አያቆምም። እንዴት ነው ዝም የማሰኘው?»
የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን ነገርኩት። ተጫነ። አመሰገነኝ።
ለእህቴ ይህን ላክሁ፦ «እህት ዓለሜ፣ ስደቢኝ፣ ግድ የለም። ብቻ ዝም አትበይኝ። ዛሬውኑ መልሺልኝ።»