የታጠቡት ቀስቶች

ጥቅምት 9
ሙቀት። እንደ ሁልጊዜው። የትናየት ዛሬም ድንጋይ ላሰች። ከዩኒቨርሲቲ መጥታ እኔና አክስቴ ጋ ነው የተከራየችው። ቀን ደረቁ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ትፈልጣለች፣ ማታ በጆንያ ተሸክማ ትገባለች። «ምራቅ ሲነካው መልኩ ይወጣል» አለችኝ። እኔ ለሰው መቼ መልሼ አውቃለሁ? አክስቴ እትዬ ባየሽ ግን ከጓሮ፣ «ጨው ካነሰው ንገሪን!» አሏት።

ጥቅምት 11
ጠየቅኋት! ማለቴ... ጠጋ ብዬ ቆምሁ፣ ገባት። በጣም ድሮ እዚህ ተራራ ነበር አለች። ሽንፋ ላይ፣ በዚህ ሜዳ! ከታች ያለው ዓለት በግለት እንደ ሊጥ ለሰለሰ፤ የላይኛው ሲገፋበት ተሳበ፣ ተላሸቀ። ድንጋዩ ውስጥ ጭራ ያላቸው ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ፣ «ዐይን» ትላቸዋለች። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ፣ ንፋስ እንደገፋው የሰሊጥ ነዶ። ተራራው ወዴት እንደሄደ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ጥቅምት 12
የትናየትና ሹፌሯ ዑበይዳ ወደ ገለጉ ከተማ ሄዱ፣ ነገ ይመለሳሉ። ድንጋዮቹ እንዴት ቆሽሸዋል! ላስደስታት ብዬ ሁሉንም በአመድና በብረት ሽቦ ፈገፈግኋቸው። የማርከር ጭረት ነበረባቸው፤ አስቸገረኝ እንጂ እሱም ለቀቀ።

ጥቅምት 13
ጭረት አልነበረም። ቀስት ነበር። ድንጋዩ ከመነሣቱ በፊት ሰሜን በየት እንደነበር የሚያሳይ። ያለ ቀስቱ ዐይኖቹ ወዴት እንዳዘነበሉ አይታወቅም። እሷ ደግሞ እሑድ ትሄዳለች!
ጆንያውን ከፍታ ቁጭ አለች። «ሥራዬ በሙሉ...» ከዚያ «ማነው ያጠበው?»
እትዬ ባየሽ፦ «እኔ እንደሆንሁ ድስቴንም አላጥብ።»
ወደ ውጭ ልሮጥ?
«እኔ ነኝ» አልሁ።
ዑበይዳ ዘወር አለ። «ያ ሰላም!» አለ በዐረብኛ ተገርሞ፤ «ትናገራለች!» ቀጠለ ደግሞ፦ «ጥርስ ቢሆን ድዱ ውስጥ መልሰን እንሰካው ነበር።»
የትናየት ቀና አለች። አልሳቀችም። «የተፈለጡባቸው ጉድጓዶች እኮ አሉ» አለች።

ጥቅምት 14
ቀኑን ሙሉ ወንዙ ውስጥ ድንጋይ ወደ ጉድጓዱ ስንመልስ ዋልን። ደሴ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ከወሎ የመጣው፣ ሲያልፍ አይቶን፦ «ሰው ከማሳው ድንጋይ ይለቅማል፣ እናንተ ትተክላላችሁ?» እውነቱን ነው።
አንዱ ቀጭ ብሎ ገባ። የትናየት በደስታ ጮኸች። ሌላው... አልገባ አለ። ገልብጬ ሞከርሁ፣ ገባ። አንዳንዶቹ እስከ ማታ እንቢ አሉ፤ ጣልናቸው። የኔ ጥፋት ናቸው።
ኮምፓሱን አሳየችኝና ቀስቶቹን እኔ ሣልሁ። ዐይኖቹ ሁሉ ወደ ምዕራብ።
«እና ተራራው ወዴት ነበር የሚሄደው?» ብዬ ጠየቅሁ። በአፌ!
«ወደ ሱዳን።»
ዑበይዳ፦ «ያለ ይለፍ ወረቀት!»

ጥቅምት 16
ሄደች። አንዱን ድንጋይ ከነቀስቱ ለኔ ተወችልኝ። መስኮቱ ላይ አስቀመጥሁት።

ጥቅምት 18
እትዬ ባየሽ ድንጋዬን አነሡት። ነጭ ሽንኩርት ሊወቅጡበት። መጀመሪያ ግን ሊያጥቡት! ውኃውን ሲያነሡ...
«እንዳይነኩት!»
ጎረቤታችን ኩብራ በአጥር ላይ ብቅ አለች። «ማነው የጮኸው?»
«እኔንጃ» አሉ እትዬ ባየሽ፣ እኔን እያዩ። «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ አልነበረም።» ከዚያ ወደኔ፦ «ድንጋይ አይደለም እንዴ፣ አንች?»
«ተራራ ነው» አልኋቸው። «በተራራ ሽንኩርት አይወቀጥም።»
በሌላ ድንጋይ ወቀጡ። እያጉረመረሙ።