የትራክተሩ ኮፈን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ጤናህ እንደ አዲስ ሞተር ሳያስነጥስ ይቆይልኝ። የማታ ትምህርቱን ስለጨረስኩ ይህን የጻፍኩልህ በገዛ እጄ ነው።

የአባባን ትራክተር ዝገት በአንድ ጠዋት ብቻዬን ድራሹን አጠፋሁት። እሺ፣ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። በመዶሻ ቀጠቀጥኩት፣ በሽቦ ብሩሽ ቆዳውን ገፈፍኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፤ ብታየኝ ለዝገቱ ታዝን ነበር።

ቀለም ከመቀባቴ በፊት የቀረኝ ኮፈኑ ላይ የተሰረጎደው ቦታ ነው፤ ያኔ በጠባችሁ ቀን አባባ ላይ የሰነዘርከው ብረት እሱን ስቶ ያረፈበት። በመዶሻ አቃንቼ በስቱኮ ልሞላው ስል አባባ መዶሻውን ከእጄ ነጥቆ የለፋሁበትን ኮፈን ደጋግሞ ወቀጠው።

“እሱን ቦታ እንዳትነካ!”

“ታዲያ በምን ልሙላው?” ብዬ ብጠይቀው፣ “በዚያ ልጅ ጭንቅላት!” አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መዶሻውን ግን አልመለሰልኝም፤ ትራሱ ሥር አድርጎት ይተኛል።

በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ ብለሃል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሥራም ይኖርብሃል።

እኛ ደህና ነን። ፊደል የቆጠረው ታናሽህ።

መምህራችን ደብዳቤ ላይ አይዋሽም ስላለን አንዲት የፈጠርኳትን ልንገርህ፤ አባባ አልሳቀም።